ቧንቧው በማን እጅ ነው

የሆስፒታሉ አሮጌ ዕቃ ቤት ተጠርጎ አልጋ ሲገባበት፣ ጣሪያው ጥግ ላይም ሥልጠናውን የሚቀርጽ ካሜራ ሲሰቀል፣ አንጋፋዋን አዋላጅ ነገሩ ወዲያው ሸተታቸው። ሠራተኛው ሁሉ እትዬ ይላቸዋል። እኩዮቻቸው አንድ በአንድ ከማዋለጃ ክፍል ወደ ካርድ ክፍል ሲዛወሩ አይተዋል፤ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ወረቀት ለማገላበጥ ደግሞ አልተፈጠሩም።

«ሥልጠና ይሉታል እንጂ ማስወጫ ነው» አሉ በሆዳቸው።

አሠልጣኟ ልጅ እግር ናት። ቀይ ውሃ የያዘ፣ ከሥሩ ትንሽ ቧንቧ ያለው የፕላስቲክ ሆድ ወገቧ ላይ አስራ አልጋው ላይ ተጋደመች። «አሁን የወለድኩ እናት ነኝ፤ ደም እየፈሰሰኝ ነው» አለች።

እትዬ ሆዱን ማሸት ጀመሩ። አጠገባቸው የቆመችውን አዲሷን አዋላጅ ጠቀሷት። ልጅቷ ፈገግ አለች። ደግመው ጠቀሷት። ቀዩ ውሃ አንሶላውን አልፎ ወለሉ ላይ ተንጣለለ።

«ሞትኩ» አለች አሠልጣኟ ዓይኗን ጨፍና።

«ቧንቧውን ከሥር ስትከፍቺው አይቼሻለሁ!»

«ከፍቻለሁ እትዬ። ደም ሲፈስ ያስፈቅድዎታል እንዴ?»

እትዬ ወደ አዲሷ ዞሩ። «አንቺንስ ምን ይገትርሻል? መድኃኒቱን ውጊ ብዬሽ የለም?»

«መቼ አሉኝ? ጠቀሱኝ እንጂ! በእሷ የሚቀልዱ መስሎኝ…»

ተራቸውን የሚጠብቁት ወጣት አዋላጆች ክፍሉን በሳቅ አናጉት። እትዬ አልሳቁም። ወላድ እንዳትደነግጥ ሲሉ ፊቷ ላይ «ደም» ብለው አያውቁም። ዕድሜ ልካቸውን አብረዋቸው ላዋለዱት ባልደረባቸው አንድ ጥቅሻ ትበቃ ነበር። ባልደረባቸው ግን ባለፈው ወር ጡረታ ወጥተዋል። የዓይን ቋንቋቸውም አብሯቸው እንደወጣ እትዬ ልብ ያሉት ገና አሁን ነው። እውነተኛ እናት ብትሆንስ ኖሮ?

«ተነሺ ካለሽበት፤ እንደገና» አሉ፣ ካሜራውን ገላምጠው።

በሁለተኛው ዙር ድምፃቸው ኮሪደሩን ሞላው። «አንቺ፣ መድኃኒቱን ውጊ! አንቺኛዋ፣ ሐኪሙን ጥሪ! አይዞሽ እናቴ፣ ደም በዝቶብሽ ነው፤ እናቆመዋለን።» አዲሷ ተስፈንጥራ ሄደች። ውሃው ቆመ።

«እኔ አቆምኩት ወይስ አንቺ ዘጋሽው?»

«እርስዎ ሲናገሩ ዘጋሁት።»

ለካስ አለቃቸው፣ ዋና ነርሷ፣ በር ላይ ቆማ ታይ ኖሯል። «አልዋሽዎትም እትዬ፣ ካርድ ክፍል አስቤልዎት ነበር። ቀርቷል። ከማዋለጃ ክፍል የትም አይሄዱም፤ አዲሶቹንም እርስዎ ያለማምዱልኛል።»

እትዬ ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀሰሩ። «እስቲ ወደዚያ ዞረሽ ድገሚልኝ።»

አለቃዋ እየሳቀች ዞራ ደገመችው። እትዬ እስክትጨርስ ጠበቁና ለአሠልጣኟ እጃቸውን ዘረጉ።

«በይ፣ ሆዱን ፍቺና ወዲህ አምጪው። ከነቧንቧው።»