በግብር በቅሎ የመጣ ጡረታ

መሐል ሜዳ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ዋና ጸሐፊ አቶ ደምሴ ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል አስገቡኝና ጠረጴዛ፣ ወንበርና የጣት ማስፈረሚያ ቀለም አሳዩኝ። “ከዛሬ ጀምሮ የጡረታ ጉዳይ የአንተ ነው” አሉኝ። ምን ምን እንደምሠራ ስጠይቃቸው ሕጉ የወጣበትን ጋዜጣ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። “ሕዝቡ አያውቀውም፤ እኛም ገና እየተማርነው ነው። ቁጭ ብለህ አንብበው።”

ጊዜው ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው። እኔ የመርሐቤቴ ልጅ ነኝ። ከጀማ ሸለቆ ሙቀት ወጥቼ የመንዝ ብርድ ላይ ስወድቅ ብዕር መጨበጥ እንኳ አቃተኝ። ኮቴ ላይ ባና የሚሉትን የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ ደርቤ ስጽፍ ያዩኝ ባለጉዳዮች “ቆለኛው ጸሐፊ” የሚል ስም አወጡልኝ። በተፈጥሮዬ ቱግ የምል ሰው ነኝ፤ በዚህ ግን አልተናደድኩም። ብርዱ ለንዴትም አይመችም ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ፣ ወታደር ወይም ፖሊስ ሲሞት አዲስ አበባ ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት ለአውራጃው ይጽፋል። ሚስት ነበረችው ወይ? ልጆች አሉት ወይ? አጣርታችሁ አስታውቁን ይላል። እኔ ሦስት ምስክሮች እሰማለሁ፣ ቃላቸውን ጽፌ አስፈርማለሁ፣ አጥቢያ ዳኛው ያረጋግጣል፣ አቶ ደምሴ ማኅተም ያደርጉበታል። አንድ ጥብቅ መመሪያ ነበረን፦ ለምስክር ጥያቄውን እንጂ ምክንያቱን አትንገር። ጥቅም እንዳለበት ካወቀ ለወዳጁ ያደላል።

ጡረታ የሚለው ቃል ለመንዝ ሰው እንግዳ አልነበረም። እንግዳው ጧሪው ነበር። ልጅ እናት አባቱን ይጦራል፤ ጧሪ ቀባሪ ያጣ ሰው ይታዘንለታል። መንግሥት ይጦራል ስል ግን ሳቅ ነው። ቀየት ከሚባል ወረዳ የመጣ አንድ ሰው ገበያ መሐል አቁሞ “ኧረ ቆለኛው፣ መንግሥት ይበላል እንጂ መቼ ያበላል?” አለኝና በዙሪያው ያሉትን ሁሉ አሳቀብኝ።

ከመጀመሪያዎቹ ባለጉዳዮቼ አንዷ ወይዘሮ አስካለ ነበሩ፤ ከዘመሮ ማዶ ካለ አጥቢያ የመጡ። ባላቸው ኮንስታብል ነበር። ቆላ አገር ተመድቦ ሲሠራ ወባ ገደለው። መርዶው ከመጣ ወዲህ አራሽ ጠፍቶ መሬታቸው ጦሙን አድሯል። ሁለት ልጆች አሏቸው። ታናሹ ገና ሕፃን ነው። ታላቋን፣ ዘነበችን፣ አንድ አፍ እንኳ ቢቀነስ ብለው መሐል ሜዳ እህል ነጋዴ ቤት በግርድና አስገብተዋታል።

“ጌታዬ፣ ይህ ነገር የሚሆን ከሆነ ቶሎ ይሁን” አሉኝ። “ልጄ የሰው ቤት ከለመደች የእኔን ቤት ትረሳዋለች።”

ሰማንያቸው የታሰረው በእማኝና በዋስ ነው፤ ወረቀት የለውም። ስለዚህ ሁሉ ነገር በምስክሮቹ አፍ ላይ ነበር።

የመሥሪያ ቤቱን ዳለቻ በቅሎ ጭኜ ሄድኩ። ወይዘሮ አስካለ ምስክር በሚሰማበት ቦታ መገኘት ስለማይፈቀድላቸው መሐል ሜዳ ዘመድ ቤት ቀሩ። ጭቃ ሹሙ ሦስት ሽማግሌዎች በቤተ ክርስቲያኑ ካብ ሥር አስቀምጦ ጠበቀኝ። አውራቸው አያ ክፍሌ የሚባሉ ሽበታም ሰው ነበሩ። የማጣሪያው ወረቀት የሚጀምረው ከንብረት ነውና በዚያው ጀመርኩ።

“ሟች ርስት ነበረው?”

“ኧረ ወዲያ! ምን ርስት አለው? ድንጋይ ነው እንጂ።”

“ሚስትስ?”

አያ ክፍሌ ሁለቱን ሽማግሌዎች በዓይናቸው ገረፍ አደረጓቸውና “ሚስት አናውቅለትም” አሉ።

“ልጆችስ?”

“ያለ ሚስት ልጅ ከየት ይመጣል ጌታው?”

ሁለቱም “እውነት ነው” እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንጌል ይዘው እንዲምሉ ስጠይቃቸው አያ ክፍሌ “ቄሱ ለቅሶ ሄደዋል፤ ወንጌል ያለ ቄስ አይወጣም። ቃላችን ይበቃል” አሉ። ቃላቸውን ብቻ ጻፍኩና አስፈረምኳቸው።

ደሜ ፈላ። ሴትዮዋ ያታለለችኝ መሰለኝ። ሽማግሌዎቹ ግን እስከ ወንዙ ሸኙኝ፤ ፊታቸው በርቷል፤ መንገዴን መረቁልኝ። ምን እንዲህ እንዳስደሰታቸው አልገባኝም።

በማግሥቱ ወይዘሮ አስካለ ቢሮዬ ሲመጡ ቁጣዬን አልደበቅኩም። “ሚስት አልነበረውም ብለዋል” አልኳቸው።

“ማን አለ?”

“አያ ክፍሌ።”

“አያ ክፍሌ? የሰማንያዬ ዋስ አያ ክፍሌ?” ቀጥለውም “በምን ሄዱ ጌታዬ?” ብለው ጠየቁኝ።

“በበቅሎ ነዋ።”

“በዚያች በዳለቻዋ?”

“አዎ።”

ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። “ወይኔ አስካለ! እሷማ የግብር በቅሎ ናት!”

ግብር ሰብሳቢው በየዓመቱ አጥቢያቸው የሚወጣው በዚያችው በቅሎ ነበር። ሕዝቡ ከሩቅ ያውቃታል። በእሷ ላይ የተቀመጠ ሰው የሟች ርስትና ሚስት ሲጠይቅ፣ ግብሩ በመበለቲቱ ስም ሊዞር መሰላቸው። በኋላ እንደሰማሁት እኔ ሳልደርስ የወይዘሮ አስካለን በጎች ወደ ገደሉ ሥር ነድተው፣ እናቱ ለጎረቤት የተዉትን ሕፃን ደብቀው፣ የቤታቸውን በር በድንጋይ ዘግተውት ነበር። ይህን ያህል የተባበረ አጥቢያ በዕድሜዬ አላየሁም።

“ሊያድኑኝ ብለው ቀበሩኝ!” አሉ ወይዘሮ አስካለ፤ እንባቸው ወረደ።

“ስለ ጡረታው ለምን አልነገሯቸውም?”

“ሳይሆን ካወራሁት ይቀርብኛል ብዬ ፈርቼ።”

ወደ አቶ ደምሴ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ግንባራቸውን አሹ። “ሦስት ሰው ቃሉን ሰጥቷል” አሉ። “ይህ ቃል ከጸና መዝገቧ ይዘጋል። ቃላቸውን ከለወጡ ደግሞ ሽማግሌዎቹ በሐሰት ምስክርነት ይከሰሳሉ። የቱን ትመርጣለህ?”

የቱንም አልመረጥኩም። እግሬ ግን ከክፍሉ አልወጣልህ አለኝ። ድንገት ትዝ ሲለኝ “ጌታዬ፣ አልማሉም እኮ” አልኩ።

“ለምን አልማሉም?”

“ቄሱ ለቅሶ ሄደዋል አሉኝ።”

አቶ ደምሴ ሳቁ፤ እሳቸውም እዚያው መንዝ የተወለዱ ናቸው። “ቄስ አጥተው አይደለም። የእኛ ሰው ለጎረቤቱ ብሎ ይዋሻል፤ ወንጌል ይዞ ግን አይዋሽም። ያልማለ ምስክር ምስክር አይደለም፤ ወሬ ነው። ተመለስና አስምላቸው።”

“ምክንያቱን ልንገራቸው?”

“መመሪያውን ታውቀዋለህ። ያደላሉ።”

“ሳንነግራቸውም አድልተዋል ጌታዬ፤ ያውም ለእሷ!”

አዩኝ። ቀና ብለው ጣራውን አዩ። “እሺ ንገራቸው” አሉ። “የሚመጣው ነገር በእኔ ይምጣ።”

“በቅሎዋን ግን አልወስድም” አልኩ።

ቅዳሜ በእግሬ ተነሥቼ ዘመሮ አደርኩ። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆምኩ። አያ ክፍሌ ከላይ እስከ ታች አዩኝና “ዛሬ በእግርህ መጣህ?” አሉ። “አሁን ሰው መሰልክ።”

ሕዝቡ እንዲቀመጥ ለመንኩ። ወረቀት ሳላወጣ፣ አንድም ጥያቄ ሳልጠይቅ፣ የመጣሁበትን ተናገርኩ። ኮንስታብሉ መንግሥትን ሲያገለግል ሞቷል፤ ሚስቱና ልጆቹ ከተረጋገጡ መንግሥት በየወሩ ይጦራቸዋል፤ ካልተረጋገጡ ምንም አያገኙም። ይኸው ነው አልኩ።

ከሴቶቹ በኩል አንዲት ድምፅ “እና እኛ ነን የከለከልናት?” አለች።

አያ ክፍሌ ካቡ ላይ ቁጭ አሉ። “እንግዲህ ዋሽተናል። ልታስሩን ነው?”

“አልማላችሁም እኮ አያ ክፍሌ። ያልማላችሁበት ቃል አይቆጠርም።”

“ለዚያማ ነው ያልማልነው!” አሉና ከነበሩበት ብድግ አሉ። “አባ! ወንጌሉን ያውጡልን!”

ወንጌሉ ወጣ። አያ ክፍሌ እጃቸውን ጭነው ማሉ። “አስካለ የሟች ሚስት ናት። የሰማንያዋ ዋስ እኔ ነኝ። ሠርጉን በልቻለሁ፤ ሁለቱ ልጆች የእሱ ናቸው።” ሁለቱ ሽማግሌዎች ተከተሉ። የሚያስፈልገኝ ሦስት ምስክር ነበርና ወረቀቴን ላጥፍ ስል ከኋላ ሰው ተሰልፎ አየሁ። አንዱ “ለዘነበች ክርስትና ያነሣሁ እኔ ነኝ” አለ። አንዲት አሮጊት “የሁለቱንም እትብት የቆረጥኩ እኔ፤ እኔ ሳልምል ማን ሊምል ነው?” ብለው ሰልፉን ሰንጥቀው መጡ። የማስፈረሚያው ቀለም አለቀ። ከአንድ ቤት ጥቀርሻ በጥብጠው አመጡልኝና በእሱ ቀጠልን። አጥቢያ ዳኛው ሲያረጋግጥ “ከዚህ ይልቅ ያልማለውን ሰው መመዝገብ ይቀል ነበር” አለ።

አቶ ደምሴ ያንን በጥቀርሻ የጠቆረ ወረቀት ሁሉ ገልጠው ጨረሱ። “መመሪያው ሦስት ነው የሚለው” አሉ፤ ግን አንዱንም አላወጡም። ማኅተማቸውን አድርገው ላኩት።

መልሱ ክረምቱ ካለፈ በኋላ መጣ። ተፈቅዷል። ኮንስታብሉ ከሞተበት ጊዜ ጀምሮ ያለውም አብሮ ይከፈላል ይላል። ቢሮ ውስጥ እልል አልኩ፤ ወንድ ልጅ እልል አይልም የሚለኝ እንኳ አልነበረም። አቶ ደምሴ በር ላይ መጥተው ቆሙና ፈገግ ብለው ተመለሱ።

የክፍያው ቀን ወይዘሮ አስካለ ሕፃናቸውን አዝለው፣ አጥቢያውን አስከትለው መጡ። ግቢው ሞላ። ሴቶቹ እልልታውን ሲያቀልጡት ገንዘብ ያዡ በመስኮቱ ራሱን አውጥቶ “ይህ መሥሪያ ቤት ነው ወይስ ሠርግ ቤት?” አለ።

“ዛሬ ሁለቱም ነው” አሉ አያ ክፍሌ። “አንተ ሥራህን ሥራ።”

ወይዘሮ አስካለ ፈርመው ተቀበሉ። በመቀነታቸው ቋጠሩና ለማንም ሳይናገሩ ከግቢው ወጡ። ሕዝቡም ተከተላቸው፤ እኔም ቢሮዬን ቆልፌ ተከተልኩ። እህል ነጋዴው ቤት ሲደርሱ ቆሙ።

“ልጄን ልወስድ መጥቻለሁ” አሉ።

የነጋዴው ሚስት ያንን ሁሉ ሰው አይታ ደነገጠች። “እስከ ፋሲካ ብትቆይስ እመት አስካለ? ሰው እስክንፈልግ…”

“አንድ ቀን አትውልም። እሷ ጧሪ አላት።”

ዘነበች ከጓዳ ወጣች፤ እጇ በእጣቢ ርሷል። እናቷን፣ ከዚያ ከኋላ የቆመውን አገር አየች። በቀሚሷ እጇን ልትጠርግ ስትል እናቷ ቀድመው እጇን ያዙና ከነእርጥቡ ይዘዋት ሄዱ። እኔ በብዙ ነገር አልቅሼ አላውቅም፤ በዚያ ቀን ግን አለቀስኩ፤ አያ ክፍሌም አዩኝ፤ ደግነቱ ለማንም አላወሩብኝም።

ከዚያ ወዲህ አቶ ደምሴ ለየወረዳው ጻፉ። ምስክር ከመሰማቱ በፊት የጉዳዩ ምክንያት ቅዳሴ ሲወጣ ይነገር፣ ምስክሩም ይማል አሉ። ከግሼም ከቀየትም መበለቶች መጡ፤ ምስክሮቻቸውን ራሳቸው ይዘው ይመጡ ነበር። እዚያች ጠረጴዛ ላይ ብዙ ዓመት ሠራሁ፤ በኋላም ዋና ጸሐፊ ሆንኩ።

ዛሬ በጡረታ ጠረጴዛ ላይ ለምትቀመጡ የምለው አንድ ነገር ነው። ሰውን ከመጠየቃችሁ በፊት ለምን እንደመጣችሁ ንገሩት።