አራተኛው አንቀጽና የሐጅ በሺር ምሳ

ኒዕማ የታሪክ ደብተሯን በገለጠች ቁጥር መጀመሪያ የምታየው የመምህር በቀለን መመሪያ ነበር። መመሪያው በአንድ ገጽ ተባዝቶ በመስከረም ለየተማሪው ታድሏል፤ የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያልለጠፈ ክፍል አይገባም። ተማሪ ከመምህሩ ቀድሞ ይገባል ይላል። የጓደኛውን መልስ የገለበጠና ያስገለበጠው ሁለቱም ዜሮ ያገኛሉ ይላል። አራተኛው አንቀጽ፣ በአንድ መንፈቅ ሦስት ጊዜ የዘገየ ለፈተና አይቀመጥም። አምስተኛው፣ ምክንያት አለኝ የሚል በጽሑፍ ያቅርብ፤ እንደ ማንኛውም የታሪክ መልስ ሁለት ምንጭ ይጥቀስ፤ ምንጭን ቆርጦ ማቅረብ ከውሸት ይቆጠራል።

ትምህርት ቤቱ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ውስጥ ኢትዮጵያውያን ተከራይተው የከፈቱት ባለ አራት ክፍል ቤት ነው። የከሰዓት በኋላ ተማሪዎች አብዛኞቹ የሰው ቤት ሠራተኞች ናቸው። ኒዕማም ከባቲ ተነሥታ በመተማ በኩል ከመጣች አራት ዓመቷ ነበር። ዘጠነኛን አቋርጣ ነው የወጣችው፤ አሁን በሃያ ሦስት ዓመቷ ዐሥረኛ ክፍል ገብታለች። የምትሠራው አማራት ሰፈር፣ ሲት ዐለዊያ የምትባል ሴት ቤት ነው። ዐለዊያ ትምህርቱን ፈቅዳላታለች፤ ግን ክረምት ሲገባ አባቷን ይዛ ባሏ ወዳለበት ወደ ጅዳ ትሄዳለች፣ ቤቱም ይዘጋል። ተማሪ የሚቀጥር ሌላ ቤት ኒዕማ ሰምታም አታውቅ። ዐሥረኛን ዘንድሮ ካልጨረሰች አትጨርስም።

ከመስከረም እስከ ጥር አንድ ቀን አልዘገየችም። የዐለዊያ አባት ሐጅ በሺር ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ምሳቸውን ይበላሉ፤ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ገደማ ሳህኑ ይታጠባል፤ ዐሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን እሷ በእግሯ ዴም ደርሳ መጀመሪያው ወንበር ላይ ናት።

ጥር ስድስት ቀን 1992 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ የሱዳን መንግሥት የአገሩን ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ገፋ። ዐለዊያ የግድግዳውን ሰዓት ልታዞር ወንበር ላይ ስትወጣ ሐጅ በሺር ከአልጋቸው ሆነው፦

«ውረጂ!» አሏት። «አትባራ ጣቢያ ላይ ሠላሳ ስድስት ዓመት ባቡር ያስነሣሁት በዚህ ሰዓት ነው። ፀሐይዋን ማን አዞራት?»

«አባዬ፣ አገሩ ሁሉ አዞረ እኮ።»

«አገሩ የደም ግፊት ክኒን አይውጥም።»

ክኒኑ ከምሳ ጋር የሚዋጥ ነበር። በየቀኑ ምሳ የበሉበትንና ክኒኑን የዋጡበትን ሰዓት ከአጠገባቸው በማትለይ ደብተር ይመዘግባሉ፤ የባቡር ጸሐፊ ልማድ ነው። በቤቱ ስምንት ተኩል ሲሆን በከተማው ዘጠኝ ተኩል ሆነ። ኒዕማ እንደ ወትሮው ሳህኗን አጥባ፣ ሩብ ሰዓት ቀድሜያለሁ ብላ ክፍል ስትገባ መምህር በቀለ የፈረንሳይን አብዮት አጋምሰውታል።

«ዐሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ» አሉ መዝገባቸው ላይ እየጻፉ። «አንድ።»

ታሪክ በሳምንት ሦስት ቀን ነው፤ ቅዳሜ፣ ሰኞና ማክሰኞ። ሰኞ ሃያ ደቂቃ ዘገየች። ማክሰኞ ሳህኑን አጥባ ስትወጣ ያው የቅዳሜዋ ሰዓት ላይ ደረሰች። መምህሩ ቀና ሳይሉ «ሦስት» አሉና ሰሌዳው ላይ መጻፋቸውን ቀጠሉ።

በማግስቱ ምሳውን ስታቀርብ ክኒኑን ረሳች። ሐጅ በሺር ምን ሆነሻል አሏት፤ ነገረቻቸው።

«በእኔ ምሳ ነው?» አሉ። ከዚያ ደብተራቸውን ገፋ አደረጉላት። «ሰዓቴን አላዞርም፤ አትጠይቂኝ። ይቺን ግን ወስደሽ አሳዪው። ከእንግዲህ በትምህርትሽ ቀን ምሳውን አቅርበሽ ሂጂ፤ ሳህኑ አይሸሽም።»

ኒዕማ ማታውን ማመልከቻዋን ስትጽፍ የሐጁን ደብተር ገጾች አገላበጠች። ቅዳሜ፣ ምሳ ስምንት ተኩል። ማክሰኞ፣ ምሳ ስምንት ተኩል። በመካከላቸው ሰኞ ላይ አንዲት ቃል ብቻ አለች፦ ጾም። ከረመዳን በኋላ ባለው የሸዋል ወር ሐጅ በሺር በየዓመቱ በመረጧቸው ስድስት ቀናት ይጾማሉ፤ ሰኞ ሦስተኛው ነበር። የዚያን ዕለት ምሳም ሳህንም አልነበረም። ኒዕማ በጊዜ ወጥታ ዴም፣ ጸጉር ሠሪዋ ዘሃራ ዘንድ ጸጉሯን ልትሠራ ገባች፤ አንደኛው ጎን ሲያልቅ ሌላውን ትቶ መነሣት አልሆነላትም።

ቅዳሜ ማመልከቻዋንና የሐጁን ደብተር ይዛ ከክፍሉ ፊት ቆመች። መምህር በቀለ ዐሥራ ሁለት ዓመት ካርቱም ኖረው ዐረብኛ ጽሑፍ አልለመዱም፤ አንብበሽ ተርጉሚ አሏት። ከፊተኛው ወንበር ተስኒም ደብተሩን አጮልቃ አየች። አባቷ ሱዳናዊ ነው፤ ከኒዕማ በቀር ክፍሉ ውስጥ ጽሑፉን ማንበብ የምትችል እሷ ብቻ ናት።

«ሰኞን ዝለያት» አለች ተስኒም በሹክሹክታ። «ወላሂ አልናገርም።»

ኒዕማ ቅዳሜን አነበበች። ከዚያ ጣቷ ሰኞ ላይ ቆመ። ሁለት ቢሰረዝላት አንድ ብቻ ይቀራል፤ እሱ አያስቀራትም። ግን መምህሩ ሰኞን ሰምተው ማስረጃዋን በሙሉ ይጥሉባት እንደሆነስ? አምስተኛው አንቀጽ ትዝ አላት።

«ሰኞ፣ ጾም» አለች። «ምሳ አልነበረም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ሰኞ ምን አዘገየሽ?»

«ጸጉሬን እየተሠራሁ ነበር።»

ክፍሉ ሳቀ። ሙባረክ ከኋላ፦ «ምንጩ ከሻሿ ሥር ነው ጋሼ፣ ሊታይ አይችልም!» አለ።

«አንተ ደግሞ አፍህን የምትዘጋበት ምንጭ የት ይገኛል?» አሉት መምህሩ። ወደ ኒዕማ ተመለሱ። «ይቺ አንደኛዋ ምንጭሽ ናት። ሁለተኛዋስ?»

«የእርስዎ መዝገብ።»

«የእኔ?»

«ይግለጡት፣ ጋሼ። ከመስከረም ጀምሮ ዘግይቼ አላውቅም። ከዚያ ቅዳሜና ማክሰኞ፣ ሁለቱም ቀን ዐሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ። ሰዓት ከተዞረ ወዲህ ነው፤ የቤቱ ሰዓት ግን አልተዞረም።»

መምህር በቀለ መዝገቡን ከመስከረም ጀምረው ገጽ በገጽ አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«የፈረንሳይ አብዮተኞችም ቀኑን ዐሥር ሰዓት አድርገውት ነበር» አሉ ለክፍሉ። «ሰዉ አልተቀበላቸውም። ፈተና ላይ ይመጣል፤ ጻፉ።» ከዚያ ማስመሪያ አውጥተው ቅዳሜንና ማክሰኞን በቀጭን መስመር ሰረዙ። «ሰኞ ይቆያል።»

«ይቆይ» አለች ኒዕማ።

ከዚያ በኋላ ምሳውን እያቀረበች ወጣች፤ ሳህኑ ስትመለስ ይጠብቃታል። የግድግዳው ሰዓት እንደ ድሮው ቆጠረ። ፈተናው ለጥር ሃያ ቀን፣ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ተቀጠረ። ሰዓቱ የሐጅ በሺር ምሳ ወጥ የሚሠራበት ነው፤ ኒዕማ ስትነግራቸው ደብተራቸው ላይ ጻፉት።

በፈተናው ቀን ጠዋት ወጥ ልትጥድ ስትነሣ ዐለዊያ ድስቱን ከእጇ ወሰደች።

«ተይው። አባዬ ዛሬ ጾመኛ ናቸው። ስድስተኛዋን ቀን ለዛሬ ነው ያቆዩዋት።»

ኒዕማ ዴም ስትደርስ በሩ አልተከፈተም ነበር። ደፉ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ገለጠች።