ሻርክ መስሎኝ የዘመርኩለት ዓሣ

ረጅሙን ካያኬን በምኖርበት በስካይላይን ሕንፃ ኤሌቬተር ውስጥ በሰያፍ አቁሜ ስወርድ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የገቡት ጎረቤቴ፣ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት፣ ከላይ እስከ ታች ቃኙትና አማተቡ።

«ልጄ፣ ማን ሞቶ ነው?»

«ጀልባ ነው፣ እማማ። ባሕር ልቀዝፍ ነው።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

«ባል ብታገቢ አይሻልም ነበር?»

እሳቸው ልብስ ሊያጥቡ ወደ ላውንድሪው ሄዱ፤ እኔ ጀልባዬን መኪናዬ ጣሪያ ላይ አስሬ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ነዳሁ። ያኔ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ነበርኩ። ሳምንቱን ሙሉ የሚጠራኝ አይጠፋም፤ ሥራ ቦታ በደወል፣ ቤት በስልክ፣ ቸርች ደግሞ የምዘምርበት ኳየር። ሰመሩን፣ የሙቀቱን ወራት ሙሉ፣ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ቀዘፋ ስለማመድ የከረምኩት ማንም የማይጠራኝ ቦታ ፍለጋ ነው።

ውሃው ላይ ወጥቼ ከዳርቻው ብዙም ሳልርቅ ከላዬ ጩኸት ሰማሁ። አንድ ጭልፊት ዓሣ በጥፍሩ ይዞ ይበራል፤ ራሰ ነጩ ንስር ከኋላው ያሳድደዋል። ያ የአገሩ አርማ የሆነው ንስር! ዜግነት ስቀበል እጄን አንስቼ የማልኩት ከምስሉ ሥር ነበር። ሌባ መሆኑን ማንም አልነገረኝም፤ ፈተናው ላይም አልመጣም። ጭልፊቱ ሲጨንቀው ዓሣውን ለቀቀው፤ ዓሣው እኔ ጭን ላይ አረፈ። ነፍሱ አልወጣችም። እሱ ሲፈራገጥ፣ እኔ ስፈራገጥ፣ ካያኩ ሊገለበጥ ምንም አልቀረውም። በመጨረሻ ጅራቱን ይዤ ወረወርኩት። ንስሩ አንዴ ዞረኝና፣ ንቆኝ መሰለኝ፣ ሄደ።

ትንፋሼ ሳይመለስ ውሃው ላይ ሾል ያሉ ቡናማ ክንፎች ብቅ ብቅ አሉ። ሁለት፣ ስድስት፣ ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት። የዓሣው ደም የጠራቸው ሻርኮች ናቸው ብዬ ደመደምኩ። መቅዘፊያዬን ታቅፌ ጮክ ብዬ ጸለይኩ።

«ጌታ ሆይ፣ እኔ እኮ የኳየር ልምምድ ቀርቼ አላውቅም!»

ሦስት ሳምንት ቀርቼ ነበር፤ እሱም ያውቃል። ስለዚህ ማስረጃ ይሆነኛል ብዬ መዘመር ጀመርኩ፤ ያውም የሶፕራኖውን ቀጭን ድምፅ፣ እኔ ወፍራሙን፣ አልቶውን የምዘምር ሆኜ ሳለ።

በቅርብ በሞተር ጀልባ ክራብ፣ ሸርጣን ማለት ነው፣ ሲያጠምድ የነበረ ሰውዬ ሞተሩን አጥፍቶ ተጠጋኝ።

«ምን ሆነሻል?»

«ሻርክ! አይታይህም?»

ወደ ውሃው አየና ሳቀ። «ሬይ ናቸው። ጠፍጣፋ ዓሣ። ካልረገጥሻቸው አይነኩሽም። ዘፈኑን ግን ቀጥይ፣ ደስ ይላል።»

«መዝሙር ነው» አልኩት ተቆጥቼ።

ከዚያ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሰፊ ክንፋቸውን ቀስ እያሉ እያራገቡ ከሥሬ ይበራሉ እንጂ አይዋኙም፤ መንጋው ማለቂያ የለውም። ፍርሃቴ መቼ እንደለቀቀኝ አላውቅም። እጄን ውሃው ውስጥ ነከርኩ። አንዱ እንደ እርጥብ ሳሙና እያሙለጨለጨ ጣቶቼን ነክቶ አለፈ፤ ጮህኩ፤ ሰውየው እንደገና ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። የመጨረሻው እስኪያልፍ ድረስ ሳልቀዝፍ ተቀመጥኩ።