ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ

ተማሪዎቿ «ጂን አለባት» ይሏታል። በ1979 ዓ.ም. ንፋስ ስልክ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የምታስተምረው ቀመሪያ ሙሄ ክር በዓይኗ ብቻ መትራ ትቆርጣለች። ጫፉ ላይ ቁልፍ አንጠልጥላ ስትለቀው ከዳር ዳር በደቂቃ ስድሳ ጊዜ ይመላለሳል። ሃምሳ ዘጠኝ አይልም፣ ስድሳ አንድም አይልም። ከኋላ የሚቀመጡት ሥራ ፈቶች የእጅ ሰዓት ተውሰው ሊያሳፍሯት ሞክረው ራሳቸው አፍረው ተቀምጠዋል። ጂኑን በተመለከተ ግን ልጆቹ ጭራሽ አልተሳሳቱም፤ አንድ ነገር ይከተላታል።

ነገሩ የጀመረው በ1970 ነው። ቀመሪያ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። አባቷ አቶ ሙሄ በላፍቶ መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ ነበራቸው። ላፍቶም ገና የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር፤ ከሱቁ ጀርባ ጅብ ጠዋት ፀሐይ ከወጣ በኋላ እንኳ ሳይፈራ ያልፍ ነበር። በዚያ ዓመት ጅቦቹ ወፍረው ነበር። ለምን እንደወፈሩ ግን ማንም ጮክ ብሎ አልጠየቀም።

በአሥራ አንደኛ ክፍል ውስጥ ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ከትምህርት ቤቱ የሳይንስ መምህራን መሐልም ሴት ሚስ ጸሐይወርቅ ብቻ ነበረች። ሁለት ብቸኞች ደግሞ ሳይተያዩ አይቀሩም። ሚስ ጸሐይወርቅ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ግራኝ ስለነበረች ሰሌዳው ላይ የጻፈችውን በነጭ ጋውኗ እጅጌ መልሳ ትጠርገዋለች፣ ተማሪው ሳይጠፋ ለመገልበጥ ይራኮታል። ከሰሌዳው በላይ ከመጽሔት ቆርጣ የለጠፈቻቸው የሦስት ሴቶች ፎቶዎች ነበሩ፦ ሁለት ጊዜ ኖቤል የተሸለመችው ማሪ ኩሪ፣ ቻይና ተወልዳ አሜሪካ የሠራችው ዉ፣ ሦስተኛዋም ሊዘ ማይትነር። ይቺን ሦስተኛዋን አብልጣ ትወዳት ነበር።

«ከላቦራቶሪዋ አስወጥተው አሰደዷት» ትል ነበር። «እሷ ግን በረዶ መሐል ግንድ ላይ ቁጭ ብላ፣ በብጣሽ ወረቀት፣ አተም ሲሰነጠቅ የሚወጣውን ኃይል አሰላች። ስሚ ቀመሪያ፣ ላቦራቶሪ ማለት ክፍሉ አይደለም። ክርና ድንጋይ ካለሽ ላቦራቶሪ አለሽ።»

አንድ ቀን አንድ የቀበሌ ካድሬ ክፍሉን ሊጎበኝ ገባና ፎቶዎቹን አንጋጦ አይቶ፣ «እነዚህ ሴቶች የየትኛው ድርጅት አባላት ናቸው?» ሲል ጠየቀ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መሳቅ አልነበረበትም።

በዚያው ሳምንት የሰጠቻቸው የቤት ሥራ ክር ነበር። ያለ ማስመሪያ ትቆርጣለህ፣ ሁለቱን ጫፍ ትቋጥራለህ፣ ያገኘኸውን አንጠልጥለህ በደቂቃ ስድሳ እስኪል ትሞክራለህ። «የሚወስነው ክብደቱ አይደለም» አለች። «የገፋችሁበት ጉልበትም አይደለም። ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ያለው ርዝመት ነው። ሰው ይዋሻል፣ ክር ግን አይዋሽም።» እሷ በአንድ ቁርጥ ስድሳ ትመታለች። ቀመሪያ ስድሳ ሁለት ድረስ ተጠጋች።

በጥር ወር አጋማሽ ሁለት ሰዎች መጥተው ከነጋውኗ ከክፍል አወጧት። ጠመኔው በግራ እጇ እንደተያዘ ነበር።

ያሰሯት ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ ባለ መጋዘን ነው። እናቷ እማማ ተናኘወርቅ ጥጥ ፈትለው የሚተዳደሩ ባል የሞተባቸው ሴት ነበሩ፤ ጉልበታቸው ስለማይታዘዝላቸው ስንቁን ማመላለስ የቀመሪያ ሥራ ሆነ። አቶ ሙሄ «አንቺ ልጅ፣ ቤታችንን ልታስፈጂ ነው?» ብለው ተቆጡ። ተቆጥተው ሲያበቁ ግን ከሱቁ ስኳር ጠቅልለው እጇ ላይ አስቀመጡላት።

የስንቅን ሕግ ያኔ ሕፃን እንኳ ያውቀው ነበር። ምሳ ዕቃው ባዶውን ከተመለሰ ሰውዬው አለ። ጠባቂው «ከእንግዲህ አታምጪ» ካለ የለም ማለት ነው፤ አስከሬን አይጠየቅም፣ ድንኳን አይተከልም፣ ጮሆ ማልቀስም ያስጠይቃል።

በመጀመሪያው ቀን ምሳ ዕቃው ባዶውን ተመለሰ። እጀታው ላይ ክር ተጠምጥሞበታል። እማማ ተናኘወርቅ ራሳቸው ፈትለው ካሠሩላት፣ በዋዜማው ከላኩላት ጋቢ ጫፍ የተመዘዘ ነው፤ ሁለቱም ጫፍ ተቋጥሯል። ቀመሪያ የአባቷን የሱቅ ቁልፍ አንጠልጥላ ለቀቀችው። ስድሳ! ደገመች፤ ስድሳ። መጋዘን ውስጥ፣ ያለ ማስመሪያ፣ የሰው ትከሻ ላይ ተጣብቃ ሚስ ጸሐይወርቅ «አለሁ» ብላ ልካላት ነው።

ለእማማ ተናኘወርቅ ክሩ ምን እንደሚል አስረዳቻቸው። አሮጊቷ የሚወዛወዘውን ቁልፍ አዩና ክሩን ዳብሰው ሙዳያቸው ውስጥ ከተቱት። እንዲህ ሆኖ ሃያ ሁለት ቀን ሃያ ሁለት ክር መጣ፤ ሁሉም ስድሳ።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ስድሳ ስድስት አለ።

ቀመሪያ ሰዓቱ ነው ብላ በሌላ ሰዓት ቆጠረች። ስድሳ ስድስት። አሟት ይሆን? ትኩሳት ይሆን? በማግስቱ የመጣው ሃምሳ አምስት፣ በሦስተኛው ቀን ስድሳ አራት። ያኔ ሆዷ አወቀው። ሚስ ጸሐይወርቅ እጇ ቢሰበር በእግሯ ትለካ ነበር እንጂ እንዲህ አትስትም። ይኼን ክር የሚያስረው ሌላ ሰው ነው።

ታዲያ ማነው? ምሳ ዕቃው ታጥቦ፣ ክሩ በወጉ ተጠምጥሞ፣ ልክ እንደ ድሮው ይመጣል። እማማ ተናኘወርቅ አዲሱን ክር በአውራ ጣታቸው ዳብሰው፣ «በልታለች፣ ተመስገን» ብለው ወደ ሙዳያቸው ይሰዳሉ። ቀመሪያ ምን ትበል? በእሳቸው ፊት ይቺን ተስፋ የሚያጠፋ አንጀት አልነበራትም። ሆድ ይፍጀው ብላ ለሞተች ሰው በየቀኑ ምስር ወጥ ተሸክማ መሄድ ጀመረች።

ሰልፉ ላይ ቆማ ሳለች ጠባቂው ከመዝገቡ «ጸሐይወርቅ!» ብሎ ይጠራል። ከውስጥ አንድ እጅ ወጥቶ ምሳ ዕቃውን ይወስዳል፤ ፊት አይታይም። ቤት ስትገባ ክሩን መንካት ያስፈራታል፣ ሳትቆጥር ማደር ደግሞ አይሆንላትም። ትቆጥራለች። ከሁሉ የከፋው ቁጥሩ እየቀረበ መምጣቱ ነበር። ስድሳ ሦስት። ስድሳ ሁለት። ሳምንት ሙሉ ስድሳ አንድ ተኩል። የሞተ ሰው መቃብር ውስጥ ሆኖ የቤት ሥራውን እያረመ ይመስል ነበር። ሰውነቷ መነመነ፤ እናቷ ዓይን ነው ብለው ሼህ ዘንድ ወስደው ቁርኣን አስቀሩላት።

አርባ አንደኛው ክር ስድሳ አለ።

ሦስት ጊዜ ቆጠረች። ከዚያ ቁልፉን እዚያው ጥላ፣ ነጠላ ጫማዋ አንዱ እግሯ ላይ አንዱ እጇ ላይ ሆኖ፣ እማማ ተናኘወርቅ ቤት ደረሰች። «እማማ! አለች! ሚስ ጸሐይ አለች!»

አሮጊቷ እንዝርቱን አቆሙ። «እሰይ፣ እሰይ ልጄ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ቀመሪያ ለደስታ ነው ብላ አሰበች።

በሦስተኛው ቀን፣ ቀመሪያ ምሳ ዕቃውን ልትቀበል እዚያው ቤት ተቀምጣ ሳለች፣ ፀጉሯ የተላጨ ቀጭን ሴት በር ላይ ቆመች። ሣራ ትባላለች፤ ከወላይታ የመጣች ጴንጤ ናት፣ ቤት ውስጥ ሲጸልዩ ተይዛ ታስራ በዋዜማው ተፈትታለች። ፊደል አልቆጠረችም። በርጩማ ሲሰጧት ጫፉ ላይ ተቀመጠችና እጆቿን አየች።

«ክሩን የማስረው እኔ ነኝ» አለች።

ሚስ ጸሐይወርቅን ከአራት ሰዎች ጋር የወሰዷት በሃያ ሦስተኛው ቀን ነበር። መዝገቡን የሚጽፈው ሰው በዚያው ሰሞን ራሱ ታስሮ ስሟን የሰረዘ አልነበረምና ስንቁ መግባቱን ቀጠለ፤ አሥራ አንድ ሴቶች ተካፍለው በሉት። ከመሄዷ በፊት ጋቢውን ለሣራ ሰጠቻት።

«‹በየቀኑ አንድ ክር እሰሪ፣ ግን እንዳትለኪው› አለችኝ። ‹ለእናቴ ክሩ ይበቃታል። ቀመሪያ የምትባል ልጅ አለች፣ እሷ ግን ልኩ ሲጠፋ ታውቃለች። አንድ ሰው እውነቱን ማወቅ አለበት› አለችኝ።»

«ስድሳ ነበር እኮ!» አለች ቀመሪያ። «የመጨረሻው ስድሳ ነበር!»

ሣራ አንገቷን ደፋች። «ሁላችንንም እዚያ ልኬቱን አስተምራናለች፤ ግድግዳ ማዶ የጠባቂዎቹ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል፣ በእሱ ነው የምንቆጥረው። እንዳትለኪ ብላኝ ነበር፣ እውነት ነው። አላስቻለኝም። እሷ ያስተማረችኝን አበላሽቼ መላክ ሞቷን ሁለት ጊዜ ማድረግ መሰለኝ። ቀን ከሌት ስሞክር ቆየሁ። ስድሳ ሲልልኝ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ይቅር በሉኝ።»

ቀመሪያ ወደ እማማ ተናኘወርቅ መዞር ፈራች። እሳቸው ግን አልጮሁም። ሙዳዩን ጭናቸው ላይ አድርገው ከፈቱት። ውስጡ ሁለት የክር እስር ነበር፣ አንዱ ቀጠን ያለ፣ አንዱ ወፈር ያለ።

«ይኼ ሃያ ሁለት ነው» አሉ ወፍራሙን አንስተው። «የልጄ ነው። ግራኝ ናት፣ ቋጠሮዋ ወደ ውጭ ይዞራል፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቀሚሷን ስትቋጥር የማውቀው ነው። ይኼኛው የቀኝ እጅ ነው። የመጀመሪያውን እንደዳበስኩት አውቄዋለሁ።» ከዚያ ወደ ቀመሪያ አዩ። «አንቺ ልጅ ደግሞ በየቀኑ ያን ቁልፍ ይዘሽ ትመጫለሽ። ለአንቺ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? አንጀቴ እንቢ አለኝ።»

ሁለቱም አንዷ ለአንዷ ብላ ሦስት ሳምንት ገደማ ሐዘኗን ብቻዋን ዋጠች። ቀመሪያ ጥግ ያለውን ራዲዮን ከፍ አደረገችው፤ የአብዮቱ መዝሙር ሰልፍ እየረገጠ ሲያጓራ ሦስቱ ሴቶች አንገት ለአንገት ተያይዘው በእሱ ሥር አለቀሱ።

በማግስቱ እማማ ተናኘወርቅ ምስሩን እንደወትሮው ሠርተው ምሳ ዕቃውን ሞሉት። «እዚያ የቀሩት ምን ይብሉ?» አሉ። ቀመሪያ ተሸክማ ሄደች። ጠባቂው «ጸሐይወርቅ!» ብሎ ጠራ፣ እጁም ወጣ፣ ወሰደ። ምሳ ዕቃው ባዶውን ተመለሰ። እጀታው ላይ ምንም አልነበረበትም።

ባዶውን እጀታ ይዛ እማማ ተናኘወርቅ ፊት መቅረብ አልሆነላትም። ደጃፉ ላይ ከተቀመጠው እንዝርት ክር መዘዘች፣ በዓይኗ መትራ በጥርሷ ቆረጠች፣ ሁለቱን ጫፍ ቋጥራ እጀታው ላይ ጠመጠመችው። አሮጊቷ ፈትተው ዳበሱት። ቁልፉን አንጠልጥለው አብረው ቆጠሩ፤ ስድሳ አለ።

«ይኼ ደግሞ የአንቺ ነው» አሉና ከሁለቱ እስሮች ለይተው ሙዳዩ ውስጥ ለብቻው አስቀመጡት።