በማንኩሳ የበርበሬ ማሳ ቶክን ስንፈጥር

ከፍኖተ ሰላም የተነሣሁት ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ ነው። የጉዞዬ ምክንያት ስልኳን እኔ ዘንድ የምታስጠግነው የቡሬዋ ዘሃራ ናት። ከካምፓስ በኮምፒውተር ከተመረቀች ወዲህ ቶክን ካልፈጠርኩ ብላለች። እኔ ስልክ ጠጋኝ ነኝ፤ ቶክን የሚባል ነገር ስሰማ መጀመሪያ ቦርሳዬን የምጨብጥ ሴት ነኝ። ስንቱ ደንበኛዬ «ሀብታም ያደርጋል» በተባለ መተግበሪያ ተበልቶ ሱቄ መጥቶ አልቅሷል! ዘሃራ ግን «እትዬ፣ የኔው አይሸጥም አይገዛም። አንቺ የገበሬዎቹ ስልክ ላይ ትጭኚልኛለሽ፣ አለቀ» ስትለኝ እሺ አልኩ።

ሚኒባሱ ሰባ ብር ተቀብሎ ከዶሮ ቅርጫት ጋር አጣብቆ ወሰደኝ። ማንኩሳን ስናልፍ በየደጁ የተሰጣው በርበሬ ሹፌሩን ሳይቀር ያስነጥሰው ነበር።

ቡሬ

የዘሃራ አባት ሐጂ ሰይድ የቅመማ ቅመም ነጋዴ ናቸው። ቁርስ አቀረቡልኝና ነገሩን አጫወቱኝ። ልጃቸው ሱቁን ትታ የጓሮዋን ክፍል ለራሷ ሥራ ትፈልጋለች።

«ልጄ፣ የክፍሏ ቁልፍ ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው» አሉኝ። «ዛሬ የማንኩሳ ሰው ይሁን ብሎ ከተቀበላት ትወስደዋለች። እንቢ ካላት ግን ሰኞ ሱቄ ውስጥ ሚዛኑ ዘንድ ነች።»

ዘሃራ ቁርሱን አልነካችም።

ሦስታችን ወደ ማንኩሳ ስንመለስ መኪናው ውስጥ አስረዳችኝ። ብሎክቼይን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ እኩል የሚጻፍ፣ አንዴ የገባበት የማይፋቅ መዝገብ ነው። ቶክን እዚያ መዝገብ ላይ እንደ ሳንቲም የሚቆጠር ምልክት ነው፤ መፍጠር ማለትም ስሙንና ማን መቼ እንደሚፈጥረው የሚወስነውን ውል በኮድ ጽፎ እዚያ መጫን ነው። የሷ ቶክን «ወንፈል» ይባላል። ለሰው አንድ ቀን የሠራ አንድ ይፈጠርለታል፤ እሱን ሰጥቶ በሌላ ቀን ለራሱ ማሳ ሰው ይጠራበታል። የጎረቤት የነበረው ወንፈል የማይተዋወቀውንም ሰው እንዲያገናኝ ነው ምኞቷ። የምትጭነው ለሙከራ በተዘጋጀ የመለማመጃ መረብ ላይ ስለሆነም ክፍያ የለውም። ቦርሳዬን ለቀቅኩ።

ማንኩሳ

ማሳው የወይዘሮ ጥሩወርቅ ነው። የባለማሳዋን፣ የሐጂ ሰይድንና የለቃሚዎቹን ስልክ እየተቀበልኩ መተግበሪያውን ጫንኩ፤ የራሴም ላይ ጭኜ ለቀማው ውስጥ ገባሁ። ሥራው ሲያበቃ ሠራተኛው «ሠርቻለሁ» የሚለውን ጽሑፍ ይነካል፣ ቶክኑም ይፈጠርለታል። ሐጂ ሰይድ እጅጌያቸውን ሰብስበው አብረው ገቡ፤ ወገባቸውን እየያዙ ከሁሉ ኋላ ቀሩ እንጂ አልተቀመጡም። ምሳው የጾም ስለነበር ሁላችንም ከአንድ ማዕድ የተልባ ፍትፍትና ጎመን በላን፣ ብርዝ ጠጣን።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዘሃራ ስልኳን ከፈተች። አንድም ቶክን አልተፈጠረም።

«አያ ሞላ» አለቻቸው ከሁሉ ቀድመው ሲለቅሙ የዋሉትን ሽማግሌ፣ «አንቱ ይህን ሁሉ ለቅመው ለምን አልነኩትም?»

«ኧረ ምን ሠራሁና!»

ከጎናቸው ያለችው ሴትም «እኔስ ስበላ ነው የዋልሁ» አለች። ዘሃራ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባባ፣ እርስዎስ?»

«እኔማ ወገቤን ይዤ ነው የዋልሁ።»

ሳቄ አመለጠኝ። በዚህ አገር በባለማሳዋ ፊት ሠርቻለሁ ማለት ነውር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ኮዱ ብቻ ነው ያላወቀው። ዘሃራ ግን ዐይኗ እንባ አቀረረ። አንዴ የተጫነ ውል አይታረምም፣ ሰውም ዕቃውን መሰብሰብ ጀምሯል። አሳዘነችኝ።

ይህን ጊዜ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ለቃሚዎቹን እየዞሩ «እጃችሁ ይባረክ» ይሉ ነበር። ዘሃራ ቀና አለች። ወዲያው ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ አዲስ ውል ጻፈች፤ ሠራተኛው ሳይሆን የተሠራለት ሰው «እጅህ ይባረክ» የሚለውን ሲነካ ቶክን የሚፈጥር።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ በስልካቸው ለአያ ሞላ ነኩ። የሽማግሌው ስልክ ጮኸ፣ ሰው እልል አለ። ሴትዮዋ ደገሙት።

«እማማ፣ ለቀኑ አንድ ብቻ ነው!»

«ምን ነካሽ ልጄ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል!» አሉና ሠለሱት።

ማሳው በሳቅ ተናወጠ። ዘሃራም እየሳቀች ሦስተኛ ውል ጻፈች፤ በቀን ለአንድ ሰው ከአንድ በላይ አልፈጥርም የሚል። ትርፎቹ ጉርሻዎች ከአሮጌው ውል ጋር ቀሩ፤ ወይዘሮ ጥሩወርቅም በአዲሱ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ መንካት ጀመሩ።

አያ ሞላ አዲሱን ቶክናቸውን አይተው ወደ ሰዉ ዞሩ። «ማክሰኞ የኔ ማሳ ነው። በዚህ ብጠራችሁ ትመጣላችሁ?»

«እንመጣለን!» አለ ሁሉም።

የሐጂ ሰይድ ስልክም ጮኸ። ከዐይናቸው አርቀው «አንድ ወንፈል» የሚለውን አነበቡ። ከዚያ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ልጃቸው መዳፍ ላይ አኖሩ።

«እጅሽ ይባረክ» አሏት።

ፍኖተ ሰላም

ቤቴ ስገባ ገና መምሸቱ ነው፤ እጄ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። እንዲህ የተደሰትኩበት መንገድ ትዝ አይለኝም። አዲስ ነገር ሲመጣ ቦርሳዬን ከመጨበጤ በፊት ማን ለማን እንደሚፈጥረው መጠየቅ ተምሬያለሁ።

ባለቤቴ «እህ፣ ምን ሠርተሽ መጣሽ?» አለኝ።

«ኧረ ምን ሠራሁና!» አልኩት፤ ወይዘሮ ጥሩወርቅ የነኩልኝ አንድ ወንፈል የሚታይበትን ስልኬን ግን ከፍቼ ፊቱ አስቀመጥኩለት።