ሀብቶም የመረጣት ቢላ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ለትምህርቷ የካርቶን ሞዴል ቤት ልትሠራ ነውና ቢላ አብረን እንድንገዛ ይዛኝ ወጣች። «እማ፣ ለእጅ የማያሰጋው የቱ ነው?» አለችኝ። «በጣም የሚቆርጠው!» አልኳት፤ ድምፄ ለራሴም ጮኸብኝ። ልጅቷ ደንግጣ አየችኝ። ምን ታውቃለች!

ጦርነቱ አብቅቶ ነጻነት በመጣ ማግስት የምንኖረው ጎዳይፍ ሰፈር ነበር። እናቴ የጎንደር ሰው ስለሆነች ቤታችን አማርኛ፣ ደጃችን ትግርኛ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሀብቶም ከትግሉ ሜዳ ሲመለስ ሰፈሩ ጨፈረ። በግ ታርዶ ሰው ሁሉ ሲበላ፣ እሱ ዳቦ በሻሂ እየነከረ በሩን በሩን ያያል። በዚያው ሰሞን ፓራዲዞ ሰፈር የሚኖር አንድ የትግል ጓዱ ራሱን አጠፋ የሚል ወሬ መጣ። ከዚያ ወዲያ እናቴ ቢላ የሚባል ነገር ሁሉ ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረችው። ሽንኩርት ለመክተፍ እንኳ ማስፈቀድ ነበረብኝ፤ ወይ ጉድ!

እንዲህ እያለን ሀብቶም ጀልባ ልሥራ አለ። ምጽዋ ያያትን ባለሸራ ጀልባ፣ ክንድ የምታህል፣ ከብርቱካን ሳጥን እንጨት። «ስለት ልገዛ ነው» ሲል እናቴ ፊቷ ተለወጠ። «አብረሽው ሂጂ፤ ዓይንሽን ከእሱ ላይ እንዳትነቅይ» አለችኝ በጆሮዬ።

የበለስ ወቅት ነበር፤ መንገዱ ዳር ሁሉ ልጣጭ። ገበያው አጠገብ ካለ የብረታ ብረት ሱቅ ገባን። ባለሱቁ ሽማግሌ የጫማ ሰፊ ቢላም፣ ሰንጢም፣ ምላጭም ደረደሩለት። ሀብቶም አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሳ ጠርዙን ያያል። «ጠርዙ ላይ ብርሃን ካበራ ዱልዱም ነው» አለኝ። ከዚያ አውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ቀስ አድርጎ ያሳርፈዋል፤ ካዳለጠ ይመልሰዋል፣ ከነከሰ ያስቀረዋል። በመጨረሻ አንዲት ቀጭን ቢላ የክንዱን ፀጉር ላጨችለትና ፈገግ አለ። ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ አላየሁትም ነበርና ያ ፈገግታ አስፈራኝ።

«ንምንታይ ደሊኻያ፣ ወደይ?» አሉት ሽማግሌው። ለምን ፈለግካት፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ለጀልባ» አላቸው። አላመኑትም። እውነቱን ለመናገር እኔም አላመንኩትም።

በማግስቱ እሱ ሻሂ ሊጠጣ ሲወጣ፣ እናቴ ጓሮ ሆና በሲሚንቶው ገንዳ ጠርዝ ላይ ብረት ስትፍቅ ሰማሁ። የሽንኩርቱን ቢላ የምትስል መስሎኝ አለፍኩ።

ከሰዓት በኋላ ወንበር ሲወድቅ ሰማን። ሮጠን ስንገባ ሀብቶም ቆሟል፤ ግራ መዳፉ ተሰንጥቆ ደሙ ጀልባዋ ላይ ይንጠባጠባል። እናቴ «ልጄን! ልጄን!» እያለች ነጠላዋን ቀድዳ ጠመጠመችለት።

«እማዬ፣ እንጨቱ ጠንክሮብኝ ስጫን አዳለጠኝ እኮ ነው።» ቢላዋን በደህና እጁ አንስቶ ወደ መስኮቱ አዞራት። ጠርዟ አበራ። «ማን ነው የነካት?»

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ። «ራስህን እንዳትጎዳባት ብዬ አደነዝኳት።»

ዱልዱም ስለት ጉልበት ይፈልጋል፤ ጉልበት የገባበት እጅ ደግሞ ካመለጠ መያዣ የለውም። ይህን እሷ ከየት ታውቀዋለች?

ሀብቶም መሬት ላይ ቁጭ አለና አለቀሰ። «እማዬ፣ መሞት ብፈልግ ሜዳ ላይ ሞት ጠፍቶ ነው? እኔ እኮ ወደ አንቺ ነው የመጣሁት።» ሦስታችንም ተቃቅፈን አለቀስን።

እናቴ ካረፈች ቆይቷል። የሀብቶም ሁለት ጣቶች አይታጠፉም፤ ብቻ እሱ ይኑርልኝ። ፍርሃቷ ከንቱ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ስልኩን ቶሎ ካላነሳ ዛሬም ደጋግሜ እደውላለሁ። የሚያንገበግበኝ ቢላ ስንደብቅ ከርመን አንድ ቀን እንኳ «ምን ሆነሃል?» ብለን አለመጠየቃችን ነው። አሁን እጠይቀዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ደውዬ «አያ፣ እንዴት አደርክ? የእውነትህን» አልኩት።

«ዛሬ ከብዶኛል» አለኝ። «ንዒ።» ነይ ማለቱ ነው።

አሁን ከምኖርበት ጥራቮሎ እሱ እስካለበት ጎዳይፍ አውቶቡስ አልጠበቅኩም፤ በእግሬ ሄድኩ።