የአለቃ ቀለብ

ቢቸና ውስጥ ከትልና ከነቀዝ ጋር የማይጣላ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ቢኖር ስጦታው ብቻ ነው። መጣላቱስ ይቅርና ቤቱ ያረባዋል! አልጋው ሥር አንድ ባልዲ ፉርሽካ አለ፤ ፉርሽካው ውስጥ ወርቃማ ትሎች ይርመሰመሳሉ፤ ትሎቹ አድገው ጥንዚዛ ይሆናሉ፤ ጥንዚዛዎቹ መልሰው ትል ይፈለፍላሉ። ዘሩን የሰጠው ሞጣ የሚያስተምር ዓለምነህ የሚባል የባዮሎጂ መምህር ነው። ስጦታው ባልዲውን አቅፎ በሚኒባስ ሲመጣ ተሳፋሪው «ምንድን ነው?» ባለው ቁጥር «አደራ ነው» እያለ ቢቸና ደረሰ።

ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ እስስት ነው። ስሙ አለቃ ነው፤ አንድ እግሩን አንሥቶ እስኪያስቀምጥ ቅዳሴ ያልቃል። አንድ ዓይኑ በድንጋይ ጠፍቶ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ወድቆ ነው የተገኘው። ዓይናማ እስስት ዝንብ ከአየር ላይ ይለቅማል፤ አለቃ ግን ዝንቡን ሲል ግድግዳውን ይመታል። ከእጅ ላይ ቀስ ብሎ የሚሳብ ትል ካላገኘ ጦሙን ያድራል። ትሉ ካለቀ አለቃም አለቀለት ማለት ነው።

ከፋሲካ በኋላ ስጦታው ለእኅቱ ልጅ ሠርግ ሞጣ ሦስት ቀን ሊቆይ ሆነ። አለቃን ለሦስት ቀን የሚበቃውን ያህል አጥግቦ፣ ቁልፉን ለጎረቤቱ ለእትዬ ይርጋነሽ ሰጥቶ «እንስሳው ውኃ እንዳያጣ» አላቸው እንጂ ስለ ባልዲው ትንፍሽ አላለም። ወፍጮ ቤት የሚሠራ ሰው ትል ያረባል ተብሎ ከተወራ ማን እህል ያመጣለታል?

እትዬ ይርጋነሽ ደግ ናቸው፤ ጣጣው የመጣውም ከደግነታቸው ነው። ቤቱን ልጥረግለት ብለው ጎንበስ ሲሉ ፉርሽካው ሲንቀሳቀስ አዩ። «ወይ የወንደላጤ ነገር!» አሉና ባልዲውን አውጥተው ፉርሽካውን ፀሐይ ላይ አሰጡት፤ በወንፊት ነፉት፤ በሰፌድ አንገዋለሉት። ትሉንና ጥንዚዛውን ስድስት ዶሮዎቻቸው ተሻምተው ጨረሱት።

«አይዞህ ልጄ፣ አንዲት ትል አልቀረችም!» አሉት ሲመለስ፣ በኩራት።

ስጦታው መሬት ላይ ዘጭ አለ። ሊያለቅስ ሲል ሳቅ አመለጠው፤ እየሳቀ እንባው ወረደ፤ በዚያው ምሥጢሩን ሁሉ ዘረገፈው። መምህሩ ለፋሲካ አገሩ እንደ ሄደ ገና አልተመለሰም፤ አዲስ ትል እስኪፈላ ደግሞ ወራት ይፈጃል። አለቃ ከአሁኑ ጎኑ ገብቷል።

«እኔን! ነፍስ አጠፋሁ?» ብለው እትዬ ይርጋነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ «ትል የገባበት ዱቄት አላችሁ?» ማለት ጀመሩ። የጎጃም ሴት ይህን ተጠይቃ! ፋንታነሽ «የማን ቤት መስሎዎት ነው?» ብላ በሩን ዘጋችባቸው። ውበቴ ዱቄቷን በሰፌድ አምጥታ አሳየቻቸው። ሰፈሩ በአንድ ጀንበር እንከን የለሽ ሆነ።

እትዬ ይርጋነሽ አንገታቸውን ደፍተው ቤታቸው ገቡ። ቆይተው ስጦታው ቤት ሲመጡ ነጠላቸው ሥር ሳህን ደብቀዋል። በሩን ዘጉ።

«ከእኔው ጓዳ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «አምና ለበሶ ብዬ ያስቀመጥሁት። ለሰው ብትናገር አልምርህም!»

ሰባት የወፈሩ ትሎች ናቸው። ስጦታው አንዱን መዳፉ ላይ አድርጎ ዘረጋ። አለቃ አሰበ። ደግሞ አሰበ። ምላሱ ተወረወረች፤ ትሉ ጠፋ።

«በስመ አብ!» ብለው እትዬ ይርጋነሽ ስጦታው ጀርባ ተሸሸጉ። ቀስ ብለው ብቅ አሉ። አለቃ እያኘከ ነው። በደስታ ሳቃቸውን ለቀቁት፤ ስጦታውን በክርናቸው ጎሰም አድርገው፣

«አብላው እንጂ፣ ምን ትቆጥባለህ?» አሉት። «ገና አንድ ጋን ሙሉ አለኝ።»